አሮጌ ትራክተርና ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በሰንዳፋም በኩል፣ ጥቁሩ የመረሬ አፈር መኪና መዋጥ ይጀምራል። ከአስፋልቱ ሃያ ሜትር እንኳን ያልራቀ አይሱዙ እስከ ሆዱ ሰጥሞ ይታያል፤ ያን ጊዜ ትራክተር ያለው ሰው ይፈለጋል። እኔም አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ስላለኝ እጠራለሁ። ከ1964 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ሲመረት የቆየ፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትራክተር ነው። እስክደርስ ድረስ ሰው ተሰብስቦ ምክሩ ይዘንባል፤ ከዚያ ምክር ውስጥ ሰው የሚገድል አለ።

«ትራክተር ጉልበተኛ ነው፤ የትም ቢታሰር ያወጣል።»

ጉልበቱ እውነት ነው። አደገኛው «የትም» የሚለው ቃል ነው። የተቀረቀረው መኪና አልነቃነቅ ሲል የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች መዞር ያቅታቸዋል። ሞተሩ ግን ማዞሩን አይተውም፤ ጎማው ካልዞረ የትራክተሩ አካል ራሱ በኋላው ዘንግ ዙሪያ ይዞርና አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል። ገመዱ ከዘንጉ ከፍ ብሎ ከታሰረማ ጭነቱ ራሱ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። አንድ ክረምት ሰንዳፋ አጠገብ አንድ ጎረቤቴ ሰንሰለቱን የማረሻው የላይኛው ክንድ በሚገባበት ቦታ አስሮ ሲጎትት አየሁ። የፊት ጎማዎቹ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ተነሱ፤ ጭቃው ከጎማው ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኝ ነበር። ፍሪሲዮኑን ረገጠና ትራክተሩ ዱብ አለ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አልወጣውም። የሚታሰረው ከኋላ ዝቅ ብሎ በተገጠመው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው።

«መነሳት ከጀመረ ዘሎ መውረድ ይቻላል።»

አይቻልም። የፊት ጎማው ከተነሳ በኋላ ትራክተሩ የማይመለስበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሰው ደንግጦ እግሩን እስኪያነሳ ያልቃል። ስዊድን ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ብረት እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛዎቹ አሮጌዎች ላይ ያለው መቀመጫና መሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ ይግባ፣ ፍሪሲዮኑ በዝግታ ይለቀቅ፣ እግርም ከአጠገቡ አይራቅ። ከፊት ክብደት ቢጫን ይረዳል፤ አለቅጥ የሚጎትተውን ግን አያድነውም።

«ነጠቅ ነጠቅ ሲደረግ ይወጣል።»

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚከማቸው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሰንሰለት ይበጠሳል፣ መንጠቆ ይነቀላል። የናይለን ገመድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ተለጥጦ ሲበጠስ ወንጭፍ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆም ድንጋዩ ነው። መጀመሪያ ገመዱ ቀስ ብሎ ይወጠር፣ ከዚያ ሳይቋረጥ ይሳብ። ገመዱ መካከል ላይ የረጠበ ጆንያ ጣል ቢደረግበት ሲበጠስ የሚበርበትን ኃይል ይቀንሰዋል። ለማየት የሚሰበሰቡትን ልጆች ከገመዱ ርዝመት እጥፍ ያህል ማራቅ ግን ከጆንያውም ይበልጣል፤ እነርሱ ካልራቁ እኔ ሞተር አላስነሳም።

«ፓራውልቱ ጠንካራ ነው፣ እሱ ላይ እሰር።»

ፓራውልቱ ተነቅሎ ይመጣል፣ መኪናው እዚያው ይቀራል። መኪናው የራሱ መጎተቻ ቀለበት አለው።

«ትራክተር እያለ አካፋ ምን ያደርጋል?»

መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ጎማውን እንደ ሊጥ ይይዛል። መኪናው በሚጎተትበት በኩል ጎማዎቹን የያዘውን ጭቃ አስር ደቂቃ መቆፈር ትራክተሩ ከሚታገለው ትግል ብዙውን ያስቀራል። የሚጎተተውም በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ነው፤ የመጣበት ቦይ ተቀዷል፣ ከፊቱ ያለው ግን አልተነካም።

ባለ መኪናው ውስጥ ቢቀመጥ መሪውን ያቃናል፣ ሞተሩንም አስነስቶ ፍሬኑን ያዘጋጃል። ድንገት ሲወጣ ገመድ አያስቆመውም፤ ወደ ትራክተሩ ጀርባ ይንደረደራል፣ እኔም እዚያ ነው የምቀመጠው።