«አንድ መርፌ ይውጉልኝና ይሩጥ»፦ ስለ ውድድር ፈረስና መድኃኒት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በበዓል ዋዜማ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ወጣት ፈረሱን እየሳበ መጣ። «ዶክተር፣ ነገ ግልቢያ አለብን። ትንሽ ያነክሳል። አንድ መርፌ ይውጉልኝና ይሩጥ» አለኝ። ከግራ የፊት እግሩ ቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ጅማት ዳሰስኩት። አብጧል፣ ይፋጃል። ፈረሱ እግሩን ከእጄ ነጥቆ በቀኙ ቆመ። «ለነገ ግልቢያ አልወጋም» አልኩት።

ልጁ ብዙ ተከራከረኝ። ክርክሩን ደሴም ኮምቦልቻም ደጋግሜ ስለምሰማው እዚህ ልመልሰው።

«ማስታገሻ አበረታች ቅመም አይደለም፤ ሕመሙን ብቻ ነው የሚያጠፋው።»

የሚከለከለውም ለዚሁ ነው! ፈረስ አመመኝ አይልም። ያለው አንድ ቋንቋ ማነከስ ነው። ሲያነክስ የተጎዳውን እግር እያዳነ ነው። ሕመሙን ስታጠፋበት በተሰነጠቀ አጥንት ወይም በቆሰለ ጅማት ላይ ሙሉ ክብደቱን ይጥላል። ሽምጥ ሲጋልብ ደግሞ መላ አካሉ በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚያርፍበት ቅጽበት አለ። ያ እግር ከተሰበረ ፈረሱም ጋላቢውም አብረው ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካው የኬንታኪ ደርቢ የፈረስ ውድድር አንደኛ የገባው ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለ ፈረስ ድሉን የተነጠቀው ፌኒልቡታዞን የሚባል ማስታገሻ ስለተገኘበት ነው።

«ሦስት ቀን ካለፈው ከደሙ ይወጣል።»

ማን ቆጠረው? የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠኑ፣ አሰጣጡና የፈረሱ ተፈጥሮ ቀኑን ይለውጡታል። ስለዚህ ሐኪም በታወቀው ጊዜ ላይ የጥንቃቄ ቀናት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ደርቢ ላይ ያሸነፈው ፈረስ ሜዲና ስፒሪት የተገኘበት ቤታሜታዞን የተባለ የእብጠት መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 21 ፒኮግራም ነበር። ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው። ወገኖቹ «ለቆዳው የተቀባ ቅባት ነው» ቢሉም ድሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰረዘ።

«አንቲባዮቲክና የትል መድኃኒት ምን ችግር አለው?»

እዚህ ላይ ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ዝላይንና የረጅም ርቀት ግልቢያን የሚመራው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን አብዛኞቹን ይፈቅዳል። የማይፈቅዳቸው ግን እኛው መደርደሪያ ላይ አሉ። አንዱ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ፔንስትሬፕ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ፕሮኬይን ራሱ ማደንዘዣ ነው፣ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። ሌላው የትል መድኃኒቶቹ ቴትራሚዞልና ወንድሙ ሌቫሚዞል ናቸው። ፈረሱ ውስጥ ገብተው ወደ አነቃቂ ንጥረ ነገር ሊለወጡ ይችላሉ።

«ከመኖ የመጣ አያስጠይቅም።»

ያስጠይቃል። ካፌይን ከቡና ገለባም ይምጣ ከመርፌ፣ ምርመራው ላይ ያው ካፌይን ነው። ገራባም እንደዚያው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ፈረሱ አፍ የሚገባውን መጠበቅ የአሠልጣኙ ኃላፊነት ነው።

«ሕጉ የትም አንድ ነው።»

አይደለም። ሳንባው ለሚደማ ፈረስ የሚሰጠውን ፉሮሴማይድ አሜሪካ በብዙ ውድድሮች ከሩጫው 4 ሰዓት በፊት ትፈቅዳለች። እንግሊዝና ጃፓን በውድድር ቀን ይከለክላሉ።

«ታዲያ ታሞ ዝም ይባል?»

ይህን ሲለኝ ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ማንም ሕግ አትታከም አይልም። ታክመህ አትወዳደር ነው የሚለው። ማስታገሻውን እኔም ሰጠሁት፣ ፈረሱ ታስሮ እንዲያርፍ ቃል አስገብቼው። በማግስቱ ግልቢያው ሲደምቅ ልጁ በረት ውስጥ ተንበርክኮ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ እግሩ ላይ ያፈስለት ነበር።