ጎንደርን ከልጆች ጋር፦ ግንቡ፣ ጥምቀተ ባሕሩና ማሲንቆው

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻ ያደረጓት ከተማ ናት። ዋና ዋናዎቹ ቅርሶች በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ መሰባሰባቸው ልጅ ይዞ ለሚመጣ ይመቻል፤ ጉዞውን የሚያበላሸውም ይኸው ቅርበት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ የሚሞክር ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ የደከመ ልጅ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ይገኛል። በቀን ሁለት ቦታ፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ፀሐይ ሲበርድ ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ፋሲል ግቢ ነው። 70,000 ካሬ ሜትር የሚሆነው ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመግቢያው የሚቀርበው የዐፄ ፋሲል ግንብ አራት ድቡልቡል የማዕዘን ማማዎችና 32 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቀጥሎ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ (ጻድቁ ዮሐንስ) ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ይመጣል። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ የኢጣሊያ ጦር ግቢውን ይዞ ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። ልጆች የሚወዱት ግን ከሁሉም በላይ የአንበሶቹን ቤት ነው። አንበሶቹ አሁን የሉም፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ከእንባ ያድናል።

ከአሥራ ሁለቱ በሮች አንዱ እንቢልታ በር ይባላል። የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ስም የቀረው በዚህ ነው። እንቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ስለሆነ አንድ ነፊ ብቻውን ዜማ አያወጣም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥቂት ድምፅ በተራ እያስገባ ነው ዜማው የሚሞላው። ሦስት ልጆች ካሉ አንድ አንድ ድምፅ ሰጥቶ እዚያው ማጫወት ይቻላል። የዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ የዘፈን ቤት ፍርስራሽም በዚሁ ግቢ ነው፤ ብዙ አስጎብኚዎች ፈጥነው ቢያልፉትም ሙዚቃ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ዋናው ጣቢያ መሆን ነበረበት።

ግቢው ውስጥ የሕፃን ጋሪ አይሠራም፤ መንገዱ ድንጋያማ፣ ደረጃው ያልተስተካከለ ነው። ጨቅላ በአንቀልባ ይታዘል። መደገፊያ የሌለው ደረጃና መስኮት ስላለ ትንንሾቹን በእጅ መያዝ ግድ ነው፤ በክረምት ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ይብሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰፊ እድሳት ስለተካሄደ የትኞቹ ክፍሎች ክፍት እንደሆኑ መግቢያው ላይ ይጠየቅ። የግቢው ትኬት ለጥምቀተ ባሕሩም ሲያገለግል ስለቆየ አይጣል።

የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከመሀል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንደ ጣት ጨብጦት ስለሚታይ ልጆች ከሕንፃው ይልቅ እሱን ያስታውሳሉ። ውኃው ከቀሃ የሚገባው ለጥምቀት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ባዶ ነው። ባዶ ሲሆን ጠርዙ ጥልቅ ገደል ይሆናል፤ ሩጫ የሚፈቀደው ከዛፎቹ ሥር እንጂ ከገንዳው ዳር አይደለም።

ጥምቀት ራሱ ሌላ ነገር ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ በመዝሙርና በወረብ ይወርዳሉ፣ ሌሊቱን ሲቀደስ ያድራል፣ ጥር 11 ጠዋት ውኃው ተባርኮ ወጣቶች ይዘሉበታል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥር 11 ጠዋት ግፊያ አይመከርም፤ የከተራው ከሰዓት፣ ታቦታቱ በሚያልፉበት ሰፊ ጎዳና ዳር ሆኖ ማየት በቂ ነው። በእንጨት ርብራብ በተሠራ መቀመጫ ላይ አለመውጣት ይበጃል፤ በ2012 ዓ.ም. በዓል እንዲህ ያለው ርብራብ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ በልጅ ኪስ መክተት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። የንብ መንጋ አባረራቸው የሚለው ትውፊት ለልጅ ጆሮ ይመቻል። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት የተሣለበትን ጣሪያ ለማየት ዓይን ከጨለማው ጋር መላመድ አለበትና ገብቶ ወዲያው ከመውጣት ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ቀና ማለት ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ፍላሽ አይበራም። በቅዳሴና በምሳ ሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ደብር ጸጥ ያለና ሰፊ ነው፤ ዳገት አለው፣ በባጃጅ ወጥቶ በእግር መውረድ ይቀላል።

ሙዚቃውን ብዙ ሰው አዝማሪ ቤት ብቻ ይፈልገዋል። የጎንደር ስም ግን በአቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል በሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርትም፣ የገነነ ነው፤ የበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም መምህራን የሚመረቁባት ምስክር ቤት ሆና ኖራለች። በዓል ዋዜማ ላይ ማኅሌት ሲቆም ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው አንድ ላይ እየተፋጠኑ ሲሄዱ ይሰማል። ነጠላ ለብሶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዶ ከሆነ ማንም አይከለክልም።

አዝማሪ ቤት የሚደምቀው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ መጠጡም ሰሙና ወርቁም ለአዋቂ ይሆናል። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው ከመሸ ብዙም ሳይቆይ ገብቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ቢወጣ ወይም የባህል ምግብ ቤት ቢመርጥ ይሻለዋል። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መቀመጥ አይረሳ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና በቆዳ የተለበጠ ገበታ ብቻ ነው ያለው፤ ጣት አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም፣ አየር ላይ ነክቶ ነው ድምፁን የሚለውጠው። ልጆች ይህን ከቅርብ ቢያዩ ይገረማሉ። አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል ከእንግዳ የተወረወረለትን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፤ የልጁን ስም ያስገባች አንዲት ስንኝ አዘጋጅቶ መሄድ ምሽቱን ያደምቀዋል። ለሽልማት ዝርዝር ብር ይያዝ፤ ስንኝ አስቀብሎ ሳይሸልሙ መቅረት እዚያ ነውር ነው።

ረቡዕና አርብ፣ በአጽዋማትም፣ ብዙ ቤት ወተትና እንቁላል ስለማይኖር ለሕፃን የሚሆነውን ቀድሞ መግዛት ወይም ሆቴል ውስጥ ማዘዝ ያስፈልጋል። ባጃጅ ላይ ዋጋ የሚነጋገሩት ከመሳፈር በፊት ነው። ከከተማ ለመውጣት፣ ለምሳሌ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው ደባርቅ፣ የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ቀን ጠይቆ መነሳት ይገባል። ቅርቡ ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው፣ በደባርቅ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች ይሸጡባታል። ሸክላው የሚቃጠለው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ጆሮና እጀታው በቀላሉ ይሰበራል፤ በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይጫንም።