በጨረር ሕክምና ውስጥ የቀዘቀዘ የሲሲዲ ካሜራ ምንድን ነው?

ለካንሰር ታካሚ የሚሰጥ ጨረር የሚለካው በግሬይ ነው። 1 ግሬይ ማለት በ1 ኪሎ ግራም አካል ውስጥ የቀረ 1 ጁል ጉልበት ሲሆን፣ ይህ ጉልበት ውሃን የሚያሞቀው በ0.00024 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በተራ ቴርሞሜትር አይያዝም። ከመለኪያ ዘዴዎቹ አንዱ ጨረሩን ወደ ብርሃን ቀይሮ ብርሃኑን ፎቶ ማንሳት ነው።

ሲንቲሌተር የሚባለው ፕላስቲክ ጨረር ሲያርፍበት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ዶዙ (የተቀበለው የጨረር መጠን) ሲጨምር ብርሃኑም ይጨምራል። የፕላስቲኩ ጥግግት ለውሃ፣ ማለትም ለሰው ሥጋ፣ ቅርብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ቁርጥራጮቹ ከቀጫጭን የብርሃን ፋይበሮች ጋር ይያያዙና የፋይበሮቹ ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ ካሜራ ይዞራል። በአንድ ፎቶ ብዙ ቦታ ይነበባል።

ብርሃኑ ግን ደካማ ነው። የካሜራው ሲሲዲ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው የሲሊከን ቺፕ፣ ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶ በድቅድቅ ጨለማ ቢቀመጥ እንኳ ዝም አይልም፤ ከሲሊከኑ ሙቀት የተነሳ ኤሌክትሮኖች ይለቀቁና ብርሃን የመጣ ያስመስላሉ። ይህ ሐሰተኛ ምልክት ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በወረደ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢደርስ፣ የሚቀረው ከመጀመሪያው አንድ ሃምሳኛ አካባቢ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ማቀዝቀዣው ብዙ ጊዜ ፔልቲየር ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ሙቀትን ከአንድ ፊቱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ትንሽ ሰሌዳ። ውርጭ እንዳይዘው ሲሲዲው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ይታሸጋል።

ቅዝቃዜ የማይፈታቸው ችግሮችም አሉ፤ እኔ እንደማስበው የበለጠ ትኩረት የሚሹት እነዚህ ናቸው። ጨረር ያረፈበት ፋይበር ራሱ የቼሬንኮቭ ብርሃን፣ ማለትም በጣም ፈጣን ኤሌክትሮኖች ሲያልፉበት የሚወጣ ብርሃን፣ ይሰጣል፤ ይህም ከሲንቲሌተሩ ብርሃን ጋር ይቀላቀላል። ይህ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላልና ምስሉን በሁለት የቀለም ክልል አንብቦ መለየት ይቻላል። ከማሽኑ የተበተነ ጨረር ደግሞ በቀጥታ ሲሲዲውን ሲመታ ነጫጭ ነጠብጣብ ይጥላል። መፍትሔው ካሜራውን ከጨረሩ አርቆ በእርሳስ መከለል፣ በተከታታይ ብዙ ምስል ማንሳት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ነጥብ መካከለኛውን ዋጋ መውሰድ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚገኘው የድምቀት ቁጥር ነው። ወደ ግሬይ የሚለወጠው በአዮን ቻምበር (ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ በሚለካ መሣሪያ) በታወቀ ዶዝ ከተመዘነ በኋላ ነው። በፕሮቶን ሕክምና ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ፕሮቶኖቹ ሊቆሙ ሲሉ ጉልበታቸውን በጠባብ ቦታ ስለሚያራግፉ ሲንቲሌተሩ የሚሰጠው ብርሃን ከዶዙ ጋር እኩል አያድግም። ምስሉ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ዶዝ ከእውነተኛው ያንሳል፤ እርማት ሳይደረግለት ለታካሚ ውሳኔ መዋል የለበትም።