«አፕዴት ነው እኮ፣ ጫነውና እንሂድ»፦ ስለ ፓች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዓርብ ማታ ሰርቨር ላይ ፓች (የሶፍትዌር ስህተት ወይም የደህንነት ክፍተት የሚጠግን ማሻሻያ) ጭኖ ቅዳሜን ስልክ ሲመልስ የዋለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከመጫን በፊት «ይሄ የእኛን ሲስተም ምን ያደርገዋል?» ብሎ መመርመር ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፎርም ከመሙላት አያልፍም። ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ይጫናል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አምራቹ ሞክሮታል፣ እኛ ምን አስጨነቀን?»

አምራቹ የሞከረው በራሱ ቤት ነው። የእናንተን የቆየ የደመወዝ ፕሮግራም፣ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው አስተካክሎት የሄደውን ቅንብር አያውቅም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ማይክሮሶፍት የለቀቀው ወርሃዊ የዊንዶውስ ሰርቨር ፓች በአንዳንድ ድርጅቶች ዶሜይን ኮንትሮለሮችን (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠሩ ሰርቨሮችን) ደጋግሞ ሪስታርት አስደረጋቸው፤ ሃይፐር-ቪ በተባለው የማይክሮሶፍት ሲስተም ላይ ያሉ ቨርቹዋል ማሽኖችም አልነሳም አሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የወጣው ደግሞ ከርቤሮስ የተባለውን የዊንዶውስ ኔትወርክ የማንነት ማረጋገጫ አወከ። በዚህኛው ከተቸገሩት መካከል አርሲ4 የተባለውን አሮጌ ምስጠራ የዘጉ፣ ማለትም ለደህንነት ተጨንቀው ቅንብራቸውን ያጠበቁ ሰዎች ይገኙበታል። ተመሳሳይ ፓች አንዱ ጋ በሰላም አለፈ፣ ሌላው ጋ ሥራ አቆመ። ልዩነቱ ያለው በቅንብሩ ውስጥ ነው፣ ያንን ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም።

«እንግዲያው እንቆይ፣ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረው»

ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያምስ የገባበትን ክፍተት የሚዘጋው ፓች ከወጣ 59 ቀን ሆኖት ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ የሰረዙት መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት የሚደረገው ምርመራ ሁለት ጥያቄ አለው፦ ብንጭነው ምን ይበላሻል፣ ባንጭነውስ ምን ይደርስብናል? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ጨርሶ አንጽፈውም።

በዚያው ዓመት ኢኩፋክስ በተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ላይ የደረሰውም ከዚህ ይያያዛል። አፓቺ ስትራትስ ለተባለው ሶፍትዌር ፓች ማርች ላይ ወጥቶ፣ «ጫኑ» የሚል መልእክትም በድርጅቱ ውስጥ ተልኮ፣ ፍተሻም ተደርጎ፣ ፍተሻው ግን ሶፍትዌሩ ያለበትን ሲስተም ሳያገኘው ቀረ። የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጣ። የት ምን እንዳለን የሚያሳይ ዝርዝር ከሌለን ስለ ተጽዕኖ የምናወራው ሁሉ ግምት ነው።

«ትንሽ ፋይል ናት፣ ምን ታመጣለች?»

ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የለቀቀው አዲስ የፕሮግራም ስሪት አልነበረም። ጥቃትን የማወቂያ መረጃ የያዘ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ 21 የመረጃ መስኮች ሲጠብቅ የቀረቡለት 20 ነበሩ፣ በዚህ ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ። በጣም የሚያሳዝነኝ ጥንቃቄ ያደረጉት ድርጅቶች ናቸው። «ሁልጊዜ አንድ ስሪት ወደኋላ እንሁን» ብለው ወስነው ነበር፣ ግን ያ ውሳኔ የፕሮግራሙን ስሪት እንጂ እንዲህ ያለውን ፋይል አይመለከትም። እስቲ የራሳችሁን ቤት ጠይቁ፦ እኛን ሳያስፈቅድ በራሱ የሚገባ ነገር የትኛው ነው?

«ውጤቱ 9.8 ነው፣ እሱ ይቅደም»

የሲቪኤስኤስ (የደህንነት ክፍተትን ከ10 የሚመዝን መለኪያ) ቁጥር የክፍተቱን ክብደት ይናገራል፣ የእናንተን ስጋት አይናገርም። ኢንተርኔት የማይደርስበት ማሽን ላይ ያለ 9.8 እና አጥቂዎች አሁኑኑ እየተጠቀሙበት ያለ፣ ፊት ለፊት በተጋለጠ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ 7.5 ቢቀርቡልኝ እኔ ሁለተኛውን ነው የማስቀድመው።

«ቴስት ላይ ሠርቷል፣ ተነስቷል፣ አለቀ»

ሲስተሙ ተነሳ ማለት በትክክል ይሠራል ማለት አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሲስተሙ አልወደቀም፤ ገንዘብ እየከፈለ ነበር፣ ችግሩ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸው ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ፤ መጠኑንም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አለው። ስለዚህ ቴስት ስታደርጉ «ይከፈታል ወይ?» ብቻ አትበሉ። ባዶ ሒሳብ ላይ ገንዘብ ጠይቁ። የተከለከለ ተጠቃሚ ሆናችሁ ለመግባት ሞክሩ። የወር መጨረሻ ሥራውን በእውነተኛው የዳታ መጠን አስኪዱት፣ ምክንያቱም መቶ ሰው ባለበት የቴስት ዳታቤዝ ላይ በሁለት ሰከንድ የሚያልቀው ሪፖርት ፕሮዳክሽን (እውነተኛው ሥራ የሚሠራበት ሲስተም) ላይ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል።

«ካልሆነ እንመልሰዋለን»

ይሄ ሁሉንም ያረጋጋል፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ክራውድስትራይክ ስህተቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ ነው ያነሳው። የወደቁት ማሽኖች ግን ብዙዎቹ አንድ በአንድ በሰው እጅ መነካት ነበረባቸው፣ ዲስካቸው በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የተቆለፈው ደግሞ ቁልፉ ካልተገኘ አይከፈትም። የዳታቤዝ መዋቅር የቀየረ ፓችም እንዲሁ ነው፦ ከተጫነ በኋላ የገባውን ዳታ ሳታጡ ወደኋላ መሄድ ይከብዳል።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የገጠመውን ስሙ። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። የተረሳው ላይ ከዓመታት በፊት የተተወ አሮጌ ኮድ ነቃና ትዕዛዝ ማጉረፍ ጀመረ። ሰዎቹ ተደናግጠው ወደኋላ መለሱ፣ ማለትም አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ላይ አነሱት። አሁን ስምንቱም ያንኑ ስህተት መሥራት ጀመሩ። 45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ።

እኔ የመመለሻ ዕቅድ ስጽፍ ከእርምጃዎቹ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀምጣለሁ፦ መመለስ እንዳለብን በምን ምልክት እናውቃለን፣ ምልክቱንስ ማን ያየዋል? ናይት ካፒታል ጋ ምልክቱ ነበር። የዚያን ዕለት ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የስህተት ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኳል። እርምጃ የወሰደባቸው ሰው አልነበረም።