«ዕዳው ገብስ ነው»፦ የወሎ ደጋ የብድር ሒሳብ

ደሴ ላይ ጫማውን ለጫማ ሰፊ የሰጠ ሰው «ለነገ ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ «ሂድ አቦ፣ ዕዳው ገብስ ነው» ሊባል ይችላል። ለፈተና የሚጨነቅ ተማሪም፣ መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሾፌርም ይህንኑ ይሰማሉ። ነገሩ ቀላል ነው፣ በትንሽ ድካም ይወጡታል ማለት ነው። «ገብስ ገብሱን እናውራ» የሚለው አነጋገርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከባድ ከባዱን ትተን ቀለል ያለውን እንጫወት ለማለት ይነገራል።

አባባሉ የሚፈታው ብዙ ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ነው። ገብስ ከጤፍና ከስንዴ ይረክሳል፣ ስለዚህ የገብስ ዕዳ አይከብድም ይባላል። ይህ ግማሽ መልስ ነው። ገብስ ርካሽ የሚሆነው ጤፍ ለለመደ ሸማች ነው። ለጋምቦ፣ ወረኢሉ ወይም ደላንታ ደጋ ላይ ለሚኖር ገበሬ ግን ገብስ እንጀራው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላውም ነው። «የእህል ንጉሥ» ብሎ የሚያሞግሰውን እህል እንደ ተራ ነገር አይቶ አይበደርም። ታዲያ ቅለቱ ከየት መጣ?

ከጊዜው ነው። ገብስ ከሌላው እህል ቀድሞ ይደርሳል። በተለይ የወሎ ደጋ በክረምቱ ዝናብ ብቻ የሚኖር አገር አይደለም፤ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ በበልጉ ዝናብ ገብስ ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። ያ ወቅት ቆላው ክፉኛ የሚጨነቅበት ነው። በባቲ፣ በቃሉ ወይም በቆቦ ሜዳ ያለው ገበሬ ማሽላው ገና ቡቃያ ነው፤ ጎተራውን የሚሞላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የበልግ ገብስ ያለበት ደገኛ ግን ሌላው መበደር በሚጀምርበት ወር የራሱን ዕዳ ይከፍላል። ከዚህ በተጨማሪ የሚከፍለው ራሱ የሚያመርተውን ነው፤ ለመክፈል ገበያ መውጣት፣ ነጋዴ መለመን፣ ዋጋ ስንት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የለበትም። በእኔ እምነት የአባባሉ ዋና ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ዕዳን የሚያቀለው የዕዳው ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ የምትከፍለው ነገር ከማሳህ የሚወጣና በቶሎ የሚደርስ መሆኑ ነው።

የእህል ብድር እንዴት ይሄዳል? ወረቀት የለውም። «አያ፣ ሁለት ቁና ገብስ ይስፈሩልኝ፤ በልጉ ሲወቃ እመልሳለሁ።» «በልጉ ባይዝስ?» «ከያዘ የመጀመሪያው ምርት የእርስዎ ነው። ካልያዘም እርስዎም ያዩታል፣ እኔም አገር ለቅቄ አልሄድም።» ዋሱ ጉርብትናው ነው፤ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ቅሬ (የወሎ ዕድር) አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ጭቅጭቅ ከተነሳም ብዙውን ጊዜ ስለ ቁናው አሰፋፈር ነው። ሲሰጥ በአፉ ልክ የተሰፈረ ቁና ሲመለስ ተቆልሎ ይጠየቃል። ወለዱ እዚያ ቁልል ውስጥ ተደብቋል።

አንዳንዱ ደግሞ መደበቅም አያስፈልገውም፤ አንድ ሰጥቶ አንድ ተኩል ይቀበላል። ከመቶ ሃምሳ ወለድ በአምስት ወር! ከተማ ያለ ሰው ሲሰማው ይዘገንነዋል። ግን ሒሳቡን በእህልም በብርም እንየው። ለምሳሌ ያህል ነሐሴ ላይ አንድ ኩንታል 6,000 ብር ነው እንበል፤ ጥር ላይ ሁሉም ሲሸጥ ወደ 4,500 ወረደ። በእህል የተበደረው አንድ ኩንታል በልቶ አንድ ተኩል ይመልሳል። ሌላው 6,000 ብር በዓመት 12 ከመቶ ወለድ ተበድሮ ኩንታሉን ሸመተ፤ ከአምስት ወር በኋላ 6,300 ብር ለመክፈል አንድ ኩንታል ከአርባ ኪሎ መሸጥ አለበት። ልዩነቱ አሥር ኪሎ ብቻ ነው! ሦስተኛው በወር ከመቶ አሥር አራጣ ከተበደረ 9,000 ብር ይጠበቅበታል፤ ይህ ሁለት ኩንታል ነው። ስለዚህ የድሃን ዕዳ የሚያከብደው የወለዱ መጠን ብቻ አይደለም። እህል ሲወደድ ተበድሮ፣ ሲረክስ ሸጦ መክፈሉ ራሱ ሳይጻፍ የሚከፈል ወለድ ነው። በገብስ ተበድሮ አንድ ለአንድ የሚመልስ ሰው ከዚህ ሁሉ ይድናል፤ የዋጋው መውረድ ጉዳት ያበዳሪው ነው።

አንድ ለአንድ የሚለውን ያለምክንያት አላነሳሁትም። ወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ የሚኖርበት አገር ነው፤ በእስልምና ደግሞ ወለድ ሐራም ነው። የሚገርመው፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከራሳቸው ዓይነት ጋር ሲለዋወጡ ጭማሪ እንዳይኖርባቸው በስም ከጠሯቸው ስድስት ነገሮች አንዱ ገብስ ነው፤ ሌሎቹ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ተምርና ጨው ናቸው። ስለዚህ ሸኹ ፊት «አንድ ተኩል ትመልሳለህ» ብሎ አፍ ሞልቶ የሚናገር አበዳሪ ይቸግረዋል። ይህ ሁሉንም አበዳሪ አላቆመም፤ ግን ያፍር ዘንድ አድርጎታል፣ ለተበዳሪውም መከራከሪያ ሰጥቶታል።

ሕጉም የሚለው አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ሊሆን አይችልም፣ የወለዱ ስምምነትም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ 9 ከመቶ ይታሰባል። አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። ሆኖም በቃል የተሰፈረ ቁናን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ የት ይገኛል።

የከበደው ዕዳ ሲመጣ ግን ገብስ አይደለም፣ ወለድ አግድ ነው። ገንዘብ የወሰደው ሰው ወለድ አይከፍልም፤ በምትኩ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል፣ ዋናው እስኪመለስ። ስሙ ላይ ወለዱ ታግዷል፣ በተግባር ግን ምርቱ በሙሉ ወለድ ነው። መሬቱን ያስያዘ ሰው ደግሞ መክፈያውን ከየት ያምጣ? የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ዕዳ ነጻ ሲያወጣ አንዱን ትልቅ ቋጠሮ ፈትቷል። መሬት መሸጥ ቀረ፤ ወለድ አግዱ ግን ከጎረቤት ጋር በቃል ቀጠለ። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን መክፈያው ቀን ከየትኛው መኸር ወይም በልግ ጋር እንደሚገጥም የሚጠይቅ ተበዳሪ ይፈልጋል።

በልጉ ሲቀር አባባሉ ይገለበጣል። በ1991 የበልጉ ዝናብ ሲጠፋ ሰሜንና ደቡብ ወሎ ተራበ፤ በ2007 ደግሞ በልጉም ክረምቱም ከዳ። እንዲህ ባለ ዓመት የገብስ ባለ ዕዳ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የሚመልሰው የለውም፣ የሚያበድረው ጎረቤትም እንደሱው ባዶ ነው፤ ከዚያ በሬ ለገበያ ይወጣል፣ በሬው ከወጣ ደግሞ የሚቀጥለው እርሻ ምርቱን ለሚካፈል ሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል።

ለዚህ መድኅን ይሆናል ተብሎ የመጣው የቡድን ብድር ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ በሬና መሬት ማስያዝ ለማይችል ሰው ጎረቤቶቹን እርስ በርስ ዋስ አድርጎ ያበድር ነበር። ብዙ ሴት ከዚያ ብድር ዶሮና በግ ገዝታለች። ወለዱን የሚፈራ ሙስሊም ግን ዳር ይቆም ነበር፤ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በባንኮች እየሰፋ፣ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ሲጀምር ነው ሌላ በር የተከፈተለት። የቡድኑ ብድር ሌላም ጣጣ አለው። አንዱ አባል ጅቡቲ ወይም አረብ አገር ሲሄድ ዕዳው የቀሩት ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ማንም «ዕዳው ገብስ ነው» አይልም፤ «ዕዳ ከሜዳ» ይላል፣ ያልበሉትን መክፈል ነውና።