«ትል ቆጣሪው መጣ»፦ ስለ ጥልቅና ቀዝቃዛ ባሕር እንስሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአንኮበር ከፍ ብሎ ባለ የገብስ አገር ተወልጄ ያደግሁ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ደግሞ በሰሜን አውሮፓ በአንድ ቤተ መዘክር ውስጥ የቀዝቃዛ ባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳትን በማጥናት የሠራሁ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ተመልሼ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ስገባ «ትል ቆጣሪው መጣ» መባልን ለምጄዋለሁ፤ ዘመድ ቢቀልድ አይከፋኝም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ የተማረ ሰው ያንኑ ቀልድ በሳይንስ ቃላት አስጊጦ እንደ ዕውቀት ሲያቀርብልኝ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባሕር የሌለው አገር ሰው ከባሕር እንስሳ ጋር ምን አገናኘው?»

ይህን መጀመሪያ የጠየቁኝ አጎቴ ናቸው፤ «አንተ ልጅ፣ ምፅዋን እንኳ ሳታይ እዚያ በረዶ ድረስ ምን ወሰደህ?» አሉኝ። እውነቱ ግን የምደባ ሥራ፣ ማለትም እንስሳትን በየዝርያቸው ለይቶ መሰየም፣ የሚሠራው በአብዛኛው ከባሕር ርቆ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። መርከብ በጥቂት ሳምንታት የሚሰበስበውን ናሙና ለይቶ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በ2012 የታተመ ጥናት አንድ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበ በኋላ ስሙና መግለጫው ይፋ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 21 ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። የሚያስፈልገው ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ቀደምት መግለጫዎች፣ ቤተ መዘክሮች በውሰት የሚለዋወጡት ናሙናና የማይቸኩል ሰው ነው። እኔ ራሴ መርከብ ላይ የቆየሁት በድምሩ 19 ቀን ሲሆን፣ ግማሹን ያሳለፍሁት ባልዲ ታቅፌ ነው።

«ጥልቁ ባሕር ጨለማና ባዶ ነው»

ጨለማስ ጨለማ ነው፤ ባዶ አይደለም። ይህ ስሕተት ግን ከመንደር ወሬ ሳይሆን ከትልቅ ሊቅ የመጣ በመሆኑ ልናዝንለት ይገባል። ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው ብሪታንያዊ ተመራማሪ በ1841 እና በ1842 በኤጅያን ባሕር ወለል ላይ መረቡን እየጎተተ ሲሰበስብ፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እንስሳቱ እየሳሱ ሲሄዱ አየና፣ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት አይኖርም ብሎ ደመደመ። የመረመረው ባሕር ምግብ ያጠረው ነበር፤ መጎተቻውም ለሥራው የሚመች አልነበረም። ከእርሱ ከ20 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1818፣ የመርከብ አዛዡ ጆን ሮስ በባፊን የባሕር ወሽመጥ ከጥልቅ ውኃ የመለኪያ ገመዱ ላይ የተጠመጠመ፣ ክንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ የባሕር ኮከብ ዘመድ አውጥቶ ነበር፤ ሰው ግን የሚያምነውን እንጂ ያየውን አይሰማም። ኖርዌያዊው ሚካኤል ሳርስና ልጁ ከሎፎተን ደሴቶች አካባቢ፣ ከዚያ «የሕይወት ድንበር» ላይና ከበታቹ፣ በርካታ እንስሳትን ካወጡ በኋላ፣ ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ 4,700 ያህል አዳዲስ ዝርያዎችን ይዛ ተመለሰች፤ ውጤቱ በ50 ቅጽ ታትሟል። በ1951 ደግሞ የዴንማርኳ መርከብ ጋላቴያ በፊሊፒንስ ጥልቅ ሸለቆ መረቧን ከ10,000 ሜትር በላይ አውርዳ በሕይወት የሚኖሩ እንስሳትን አወጣች። በ1960ዎቹ ሳንደርስና ሄስለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ረቂቅ ወንፊት በተጠቀሙ ጊዜ፣ የጥልቁ ጭቃ በዝርያ ብዛት ማንም ካሰበው በላይ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ከሩዝ ፍሬ ስለሚያንሱ ትልቅ ዐይን ባለው መረብ ሲሾልኩ ኖረዋል።

«ግፊቱ ይጨፈልቃቸዋል»

የሚጨፈለቀው አየር የያዘ ባዶ ቦታ ነው። በ4,000 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕር ገጽ ካለው 400 እጥፍ ያህል ቢሆንም፣ ሰውነታቸው ውኃ የሞላውና አየር የሌለው እንስሳት ከውስጥም ከውጭም እኩል ይገፋሉ።

«ከዜሮ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ደማቸው ይረጋል»

የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያስብ አልፈርድበትም፤ ጠዋት ባልዲው ላይ የበረዶ ቆዳ እናያለንና። የባሕር ውኃ ግን በጨዉ ምክንያት እስከ 1.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ ይቆያል፤ የአብዛኞቹ የባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳት የሰውነት ፈሳሽም የጨው መጠኑ ከባሕሩ ጋር የተስተካከለ ስለሆነ፣ ባሕሩ ካልረጋ እነርሱም አይረጉም። መላ የሚያስፈልጋቸው ደማቸው ከባሕሩ ያነሰ ጨው ያለው ዓሦች ናቸው፤ በአንታርክቲካ ያሉት በደማቸው ውስጥ በረዶ እንዳያድግ የሚከላከል ፕሮቲን ይሠራሉ።

«ጥልቅ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በታችም 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከደብረ ብርሃን አብዛኛው ቀን ይሞቃል።

«ኮራል የሞቃት ባሕር ብቻ ነው» ለሚሉም፣ በ2002 በኖርዌይ ሮስት አካባቢ ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የቀዝቃዛ ውኃ ኮራል መገኘቱን አስታውሳለሁ። «የባሕር ሸረሪት» የሚባለው ደግሞ ሸረሪት አይደለም፤ የራሱ መደብ ነው፤ በዋልታውና በጥልቁ ባሕር እግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አለ።

«ሁለት ክዳን ያለው ሁሉ አንድ ወገን ነው»

ይህኛውን ለማረም ባሕር መሄድ አያስፈልግም፤ ጀማ ወንዝ መውረድ ይበቃል። በዓባይ ሸለቆና በገባሮቹ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጥልቀቱ አነስተኛ በነበረ ሞቃት ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው። ሽማግሌዎች በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ቅርፊት ከጥፋት ውኃ የቀረ ነው ይሉታል፤ ከእነርሱ ጋር አልከራከርም፣ ቦታው ባሕር እንደነበር አልሳቱምና። የምከራከረው ቅርፊቱን አንሥቶ «ይህ ተራ ሞለስክ ነው» ከሚለው ተማሪዬ ጋር ነው። ሁለት ክዳን ያለው ሞለስክ ክዳኖቹ የግራና የቀኝ ናቸው፤ እንደ ሁለት መዳፍ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ብራኪዮፖድ የሚባለው እንስሳ ክዳኖች ግን የላይና የታች ናቸው፤ መጠናቸው ይለያያል፣ እያንዳንዱ ክዳን ግን በመካከሉ ቢሰመርበት ግራውና ቀኙ እኩል ነው። በምደባ ሁለቱ የሚለያዩት በዝርያ ወይም በአስተኔ (በዘመዳማ ዝርያዎች ቤተሰብ) ሳይሆን በክፍለ ስፍን፣ ማለትም እንስሳት በሚከፈሉባቸው ታላላቅ ወገኖች፣ ነው፤ ተመሳሳይነታቸው የክዳን ብቻ ነው። በሸለቋችን ድንጋይ ውስጥ የሞላው ብራኪዮፖድ ዛሬ 400 ያህል ዝርያ ብቻ ቀርቶታል፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ የሚኖሩት በቀዝቃዛና በጥልቅ ውኃ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ሕያው ብራኪዮፖድ ከሰሜን ባሕር ጭቃ ውስጥ ሳወጣ የጀማን ድንጋይ በእጄ የያዝሁ መሰለኝ።

«የዘረመል ማሽን መጥቷል፤ በማይክሮስኮፕ ማፍጠጥ ቀርቷል»

አሁን ወደሚያንገበግበኝ መጣሁ። ይህን የሚሉት አጎቴ አይደሉም፤ የባዮሎጂ ምሩቃን ናቸው።

በመጀመሪያ ለዘረመል የሚገባውን ክብር ልስጥ። በ1977 በጋላፓጎስ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል ፍል ውኃ በሚፈልቅበት ቦታ፣ አፍም አንጀትም የሌላቸው፣ በውስጣቸው ባሉ ባክቴሪያዎች የሚመገቡ ግዙፍ ባለቱቦ እንስሳት ተገኙ። ከሌላው ሁሉ የተለዩ በመምሰላቸው የራሳቸው ክፍለ ስፍን እስከ መሆን ደርሰው ነበር። በኋላ የዘረመልና የአካል ጥናት ተጋግዘው እንደ መሬት ትል ካሉ ባለቀለበት ትሎች መካከል አንድ አስተኔ ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። ዐይን የማይለያቸውን መንታ ዝርያዎች የሚለየውም ዘረመል ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ማሽኑ የሚሰጠው የዘረመል ፊደላት ሰንሰለት እንጂ ስም አይደለም። ሰንሰለቱ ስም የሚያገኘው፣ ከዚያ በፊት አንድ ባለሙያ በእጁ ይዞ ከለየው ናሙና ከተወሰደ ሰንሰለት ጋር ሲነጻጸር ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ያለው፣ የማዕድን ኩባንያዎች ዐይናቸውን የጣሉበት ጥልቅ ሜዳ በ2023 ሲገመት ከ5,000 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች እንዳሉበት ታውቋል፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ገና ስምና መግለጫ የላቸውም። ማሽኑ ከማን ጋር ያነጻጽራቸው?

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የኦፊዩሮይድ፣ ማለትም ክንዱ ቀጭንና በቀላሉ የሚቆረጥ የባሕር ኮከብ ዘመድ፣ ናሙና ሰንሰለት ይዞ መጣና፣ ስማቸው የታወቀ ሰንሰለቶች ከሚቀመጡበት መዝገብ 84 በመቶ የተመሳሰለውን ስም የዝርያው ስም አድርጎ ጻፈ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ 84 በመቶ ማለት «አላውቀውም» ማለት ነው። ይባስ ብሎ ስሙ የትል ስም ነበር። ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው በክንዱ ሥር ተጠግታ የምትኖር ቅርፊታም ትል አገኘሁ፤ ቁራጩን የወሰደው ከእርሷ ነበር። እንስሳውን ዐሥር ደቂቃ ቢያየው ሁለት ወር ባልባከነ። እናቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰነፍ ቆሎን ከጥቁር ገብስ በዛላውና በፍሬው ሲለዩ ግን ተሳስተው አያውቁም፤ ቢሳሳቱ ዘሩ ይደባለቃልና። በእኔ ሙያም የመንጋጋ ጥርስን፣ የክንድ ሰሌዳን፣ የእሾህ ቁጥርን ማየት ይኸው ነው።

ይህ ትምህርት ለሚመለከታችሁ የምመክረው ይህን ነው። ለዘረመል የምታስቀምጡትን በ96 በመቶ አልኮል አስቀምጡ፤ ፎርማሊን የአካልን ቅርጽ ቢጠብቅም ዘረመልን ያበላሻል፣ አሲድ ከሆነም የኖራ አጥንትን ያሟሟል። ሙሉውን እንስሳ አትፍጩ፤ አንድ ክንድ ቁረጡና ቀሪውን ጠብቁ፣ አዲስ ዝርያ ከሆነ ስሙ የሚታሰረው በዚያ አካል ላይ ነውና። ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ቀለም በአልኮል ውስጥ ይጠፋል። መለያውን በእርሳስ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይደለም፤ ወረቀቱንም በብልቃጡ ውስጥ አስገቡት እንጂ ውጭ አትለጥፉት። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ የተያዘበት መሣሪያና የሰብሳቢው ስም ይኑርበት።

በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብልቃጥ አለ። በውስጡ ክንዳቸው ያልተሰበረ፣ እጅግ ያማሩ 60 ኦፊዩሮይዶች አሉ፤ በተማሪነቴ እኔው ራሴ የመደብኳቸው ናቸው። መለያቸውን በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር፤ ቀለሙ በአልኮሉ ሟሙቶ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። ዘረመላቸው ዛሬም ይነበባል፤ ከየትኛው ባሕርና ከስንት ሜትር እንደወጡ ግን ማሽኑም እኔም ልንናገር አንችልም።