ግሩፕ ባይ ምንድን ነው?

በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ስለ አንድ ነገር ይናገራል፤ በሽያጭ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ አንድ ሽያጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ የምንፈልገው ግን በየከተማው ወይም በየወሩ በጠቅላላው ምን ያህል እንደ ተሸጠ ነው። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ለዚህ የሚያገለግሉት ብዙ እሴቶችን ተቀብለው አንድ እሴት የሚመልሱት ማጠቃለያ ፋንክሽኖች፣ ማለትም የሚቈጥረው ካውንት፣ የሚደምረው ሰም፣ አማካዩን የሚያወጣው ኤቪጂ፣ ትንሹንና ትልቁን የሚለዩት ሚን እና ማክስ ሲሆኑ፣ ረድፎቹ በምን እንደሚቧደኑ የሚወስነው ደግሞ ግሩፕ ባይ ነው።

ግሩፕ ባይን ለመረዳት ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር፣ ከተቧደነ በኋላ ረድፉ የሚወክለው ነገር መለወጡ ነው። ሽያጮቹን በከተማ ካቧደንን፣ በውጤቱ ላይ የሚታየው አንድ ረድፍ አንድ ሽያጭ መሆኑ ቀርቶ አንድ ከተማ ይሆናል። ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋቡት ሕጎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

በከተማ አቧድነን ሳለ የገዢው ስምም እንዲወጣ ብንጠይቅ፣ አዳማ ውስጥ ብዙ ገዢዎች እያሉ የአዳማ ረድፍ የማንን ስም ይያዝ? ጥያቄው መልስ ስለሌለው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል ግን ከ5.7 በፊት በነበሩት እትሞች፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ጥያቄውን ተቀብሎ ከቡድኑ ውስጥ የአንዱን ስም ያወጣ ነበር፤ የማን ስም እንደሚወጣም ዋስትና አልነበረውም። ሥራን ከሚያቆም የስሕተት መልእክት ይልቅ ማንም ሳይጠረጥረው ለውሳኔ የሚቀርብ የተሳሳተ ሪፖርት እጅግ አደገኛ ስለሆነ፣ ከ5.7 ጀምሮ ጥብቁ ደንብ መነሻ ቅንብር መደረጉ ተገቢ ነበር።

ዌር እና ሃቪንግ የተባሉት ሁለቱ የኤስኪውኤል ማጣሪያዎች የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ዌር ከማቧደን በፊት ነጠላ ረድፎችን ያጣራል፤ ሃቪንግ ከማቧደን በኋላ ቡድኖችን። ዋጋቸው ከ500 ብር የሚበልጡ ሽያጮችን የምንፈልግ ከሆነ ዌር፣ ጠቅላላ ሽያጫቸው ከ500 ብር የሚበልጥ ከተሞችን ከሆነ ሃቪንግ ያስፈልገናል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ነል፣ ማለትም ያልተመዘገበ እሴት ነው። ከተማቸው ያልተመዘገበ ሽያጮች በሙሉ ተሰብስበው አንድ ቡድን ይሆናሉ። በሐዋሳ ሁለት ሽያጮች ተመዝግበው የአንዱ ዋጋ 400 ብር፣ የሌላው ነል ቢሆን፣ ካውንት ከኮከብ ምልክት ጋር 2 ሲል ካውንት በዋጋ ዓምድ ላይ 1 ይላል፤ ኤቪጂም ነሉን ዘልሎ 200 ሳይሆን 400 ይመልሳል። ያልታወቀ ዋጋ ዜሮ ማለት አይደለምና ይህ አግባብ ነው። በመዝገቡ ባዶ የተተወው ዕቃው በነጻ ስለተሰጠ ከሆነ ግን፣ አማካዩ ከመውጣቱ በፊት ነሉን በኮአሌስ፣ ማለትም ነልን በሌላ እሴት በሚተካው ፋንክሽን፣ ወደ 0 መለወጥ ያስፈልጋል።